አትነቅንቀው፣ ይሟሟል

ሐሙስ ዕለት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አልቆ ሰሌዳውን እያጠፋሁ ሳለ፣ ቤዛ የምትባል የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ቲቸር፣ ነገ አልመጣም።»

«ለምን?»

«አክስቴ አርፋለች። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ሀና ማርያም ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። ተማሪ ሲቀር ምክንያቱን መመዝገብ ልማዴ ስለሆነ ደብተሬን ከፈትኩ። «አክስትሽ ማን ይባላሉ?»

«አስካለ። ድሮ ሀይሌ ጋርመንት ጋ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው።»

«አስ» ብዬ ጽፌ እጄ ቆመ። ቤዛ የሚቀጥለውን ጥያቄ ትጠብቃለች። ደብተሩን ዘጋሁት።

ከእትዬ አስካለ ጋር ለሁለት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩት እሳቸው ይሠሩበት በነበረው ላቦራቶሪ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ የሠራሁት ስህተት በስማቸው ተጽፎ ከማሽናቸው የተነሡትም እሳቸው ናቸው። ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ሐሙስ ዕለት አሰብኩ። ግማሹ ሌላ ሰው ጋ እንደነበረ ገና አላወቅኩም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ላቦራቶሪው አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። መስኮቱ ሲከፈት የታክሲ ረዳቶቹ «ላፍቶ! ላፍቶ በላፍቶ!» የሚሉት ጩኸት ናሙና እስከምንመዝንበት ሚዛን ድረስ ይገባል። የውኃ ቧንቧ፣ ጀሪካን፣ ሮቶ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውን ከመጠቀማቸው በፊት ናሙና ይልኩልናል። ፕላስቲክ የተሠራው ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ነው። ሰንሰለቱ ረጅም ከሆነ ቧንቧው ግፊት ይችላል፤ ካጠረ ይሰነጠቃል። የእኛ ሥራ የሰንሰለቱን ርዝመት መለካት ነበር። የምንለካበትም ዘዴ ክሮማቶግራፊ ይባላል።

በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ዘዴ ለእትዬ አስካለ ማስረዳት ጀመርኩ። ልብ በሉ፣ ያንን ማሽን ለዓመታት ያንቀሳቀሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ዲግሪ ነበረኝ። ወረቀት አውጥቼ ሥዕል ሥዬ፣ ቀመር ጽፌ፣ ግማሽ ሰዓት አወራሁ። አጭር ሴት ነበሩ። ነጩ ጋዋን ስለሚረዝማቸው እጅጌውን ሁለቴ ያጥፉታል፤ ከሻሻቸው ሥር ሁልጊዜ አንድ እርሳስ ይሰካል። እስክጨርስ ድረስ አንዲት ቃል ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«ጨረስክ፣ መምህሩ?»

«ጨረስኩ።»

«እሺ። አሁን ወደ መስኮቱ ና።»

ወደ ታች አሳዩኝ። አንድ ተሳቢ መኪና አስፋልቱን ሞልቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከኋላው ሦስት ባጃጆች አሉ፤ አንዱ ወደ ቅያስ ገባ፣ አንዱ ሱቅ በር ላይ ቆመ፣ ሌላው በመጋዘኑ ጀርባ ዞረ።

«አደባባዩ ጋ ማን ቀድሞ ይደርሳል?»

«ተሳቢው።»

«ለምን? ፈጣን ስለሆነ ነው?»

«አይ፣ የትም መግባት ስለማይችል።»

«በቃ፣ ይሄው ነው ማሽኑ።» ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው የብረቱን ቱቦ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «እዚህ ውስጥ ጥቃቅን ፍሬ ሞልቶበታል። ፍሬው ሁሉ ቀዳዳ አለው። ትልቁ ሞለኪውል ቀዳዳው አይበቃውም፤ በአስፋልቱ ቀጥ ብሎ ቀድሞ ይወጣል። ትንሹ በየቅያሱ ሲገባ ሲወጣ ይዘገያል። ቀድሞ የመጣው ረጅም፣ ዘግይቶ የመጣው አጭር። አንተም እንዲሁ ነው ያልከው፤ ግን አረዘምከው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «መምህሩ» ሆኖ ቀረ። እያሾፉብኝ ነበር። ኋላ በእርግጥ መምህር መሆኔን አላወቁም፤ ወይም አላወቁም ብዬ አምን ነበር።

እትዬ አስካለ ወደ ላቦራቶሪው የገቡት ጠርሙስ ለማጠብ ነው። ትምህርታቸው ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ማሽኑ ሲመጣ የገጠመው ባለሙያ ዲግሪ ያላቸውን አሠለጠነ፤ እሳቸው ከኋላ ጠርሙስ እያጠቡ አዳመጡ። የሠለጠኑት አንድ በአንድ የተሻለ ሥራ አግኝተው ሄዱ። አንድ ቀን ማሽኑን የሚያስነሣ ሰው ጠፋና የላቦራቶሪው ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ሲበሳጭ፣ እሳቸው እጃቸውን በጋዋናቸው አድርቀው አስነሡት። ይህን ራሳቸው አልነገሩኝም፤ ዘበኛው ነው የነገረኝ።

በጆሯቸው ነበር የሚሠሩት። ፓምፑ አየር ከሳበ ስክሪኑ ላይ ከመታየቱ በፊት ይሰሙታል። የጠርሙስ ምልክት የሚጽፉት ሁልጊዜ በእርሳስ ነው። በመጀመሪያው ወር በእስክሪቢቶ የጻፍኩት ቁጥር ማሟሟያው ፈሳሽ ጠብ ሲልበት ታጥቦ ጠፋ፤ የየትኛው ደንበኛ ናሙና እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። «አየህ፣» አሉኝ፣ «እስክሪቢቶ ያምራል፣ ግን ይለቃል። እርሳስ መልኩ አያምርም፣ ግን የትም አይሄድም።»

አንድ ጊዜ ከለቡ ሰፈር አንድ ወጣት ደንበኛ በንዴት መጣ። አሮጌ ፕላስቲክ ሰብስቦ እያቀለጠ የፕላስቲክ ወንበር የሚሠራ ሰው ነው። ምርመራችን ሰንሰለቱ አጭር ነው ስላለበት ጠረጴዛ ደበደበ። እኔ ግራፉን ዘርግቼ ላስረዳው ስል እትዬ አስካለ ጋሻ ሆነው ገቡ።

«የኔ ልጅ፣ ምሳ በልተሃል?»

«ምሳ ምን ያደርግልኛል እናቴ! ወንበሬ አይረባም ትሉኛላችሁ…»

«ፓስታ ትወዳለህ?»

ሰውየው ግራ ገባው። «እወዳለሁ።»

«ሳይሰበር የተቀቀለ ፓስታ በሹካ አንዱን ስታነሣ ሁሉም ተያይዞ ይከተልሃል። አሥሬ ያሞቁት፣ የተሰባበረ ፓስታስ?»

«ይበተናል።»

«ወንበርህ ላይ ወፍራም ሰው ሲቀመጥም እንዲሁ ነው። ፕላስቲኩን ደጋግመህ ስታቀልጠው እየሰበርከው ነው። አዲሱን ቀላቅልበት፣ ሙቀቱንም ቀንስለት፣ ከዚያ ናሙና ይዘህ ና።»

ሰውየው እየሳቀ ወጣ። ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ውጤቱም ተሻሽሎ ነበር። ይህን የፓስታ ምሳሌ ዛሬ ክፍል ውስጥ የምናገረው እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ የኔ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደምሸሸው ነገር ደርሻለሁ።

ናሙናን ወደ ማሽኑ ለማስገባት አስቀድሞ በፈሳሽ ማሟሟት ያስፈልጋል። ስኳር በሻይ እንደሚሟሟ ግን አይደለም። መጀመሪያ ፈሳሹን እየጠጣ ያብጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይፈታል። ሌሊቱን ማደር አለበት። እትዬ አስካለ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው በጣም በዝግታ ያዘነብሉታል፤ ውስጡ ዙሪያው የሚያሙለጨልጭ ነገር ካለ ይመልሱታል። «ተልባ ተዘፍዝፎ አላየህም? እንደሱ ነው፤ ገና ነው» ይላሉ። እኔ ትዕግሥት አጥቼ ጠርሙሱን ላናውጥ ስል እጄን ይይዙኛል። «አትነቅንቀው፣ ይሟሟል። አንተ ስትነቀንቀው ሰንሰለቱን ትበጥሰዋለህ። ከዚያ የምትለካው ዕቃውን ሳይሆን የራስህን ችኮላ ነው።»

አንድ ረቡዕ ቀን ለምርመራ ሐኪም ቤት እንደሚሄዱና ሐሙስ እንደማይመጡ ነገሩኝ። አንድ የቧንቧ ፋብሪካ የላከው ነጭ የፕላስቲክ ዱቄት ነበር። ረቡዕ ማታ ከመውጣቴ በፊት እንድዘፈዝፈው አዘዙኝ። ረሳሁት። ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ለማየት ቀጠሮ ስለነበረኝ ቸኩዬ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ዱቄቱ ደርቆ ጠበቀኝ። ውጤቱ በማግስቱ ጠዋት ይፈለጋል። ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ አስካለ ከሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሆነው ነው።

«ዘፍዝፈኸዋል አይደል፣ መምህሩ?»

«አዎ እትዬ፣ ዘፍዝፌዋለሁ።»

ይህችን ውሸት ለመሸፈን ሌላ ሠራሁ። ጠርሙስ የምናጸዳበት፣ ውኃውን ጆሮ በማይሰማው ንዝረት የሚያንቀጠቅጥ ትንሽ ገንዳ ነበረን። ናሙናውን ፈሳሽ ጨምሬበት እዚያ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ምሳ ድረስ ተንቀጠቀጠ። ሲወጣ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ነበር። በራሴ ኮራሁ። እትዬ አስካለ ይህን ያህል ዓመት አንድ ሌሊት ሙሉ ለምን እንደሚጠብቁ ገርሞኝ ወደ ማሽኑ አስገባሁት።

ግራፉ ዘግይቶ ወጣ። ማለትም ሰንሰለቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ዱቄቱ ለቧንቧ አይሆንም።

ዓርብ ጠዋት እትዬ አስካለ መጡና ግራፉን አዩት። እርሳሱን ከሻሻቸው አውጥተው መልሰው ሰኩት።

«ይገርማል። ደህና አድሯል?»

«አድሯል።»

«ነቅንቀኸዋል?»

«ኧረ አልነቀነቅኩም፣ እትዬ!»

በላቦራቶሪያችን ለማጅ አይፈርምም ነበር። እኔ የማዘጋጀው ናሙና ሁሉ መዝገብ ላይ የሚገባው በእሳቸው ስምና ፊርማ ነው። ዓይኔን አዩና ፈረሙ።

ፋብሪካው በእኛ ወረቀት አምኖ ዱቄቱን አልጠቀምም ብሎ ማሽኖቹን አቆመ፤ ሠራተኞቹም ቤታቸው ተቀመጡ። በመጨረሻ ናሙናውን ሌላ ቦታ አስመርምረው ደህና እንደሆነ ደረሱበት። እትዬ አስካለም እኛ ጋ የተቀመጠውን ትርፍ ናሙና አውጥተው በገዛ እጃቸው ዘፍዝፈው አሳድረው ለኩት። ደህና ነበር። ዝም ብለው ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ ከበሩ አየኋቸው። ያን ጊዜ እንደገባቸው እርግጠኛ ነኝ።

ኃላፊያችን ሁላችንንም ሰበሰበ።

«ይህን ናሙና ያዘጋጀው ማነው?»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረም። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ሲያነሡ የሚያዩት አስተያየት ነው፤ የሚጠብቅ። እኔ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ማስመሪያ ላይ አፈጠጥኩ። ጠበቁኝ። አልተናገርኩም።

«ፊርማው የኔ ነው» አሉ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም አዝኖ ነው የተናገረው። «እንግዲህ እትዬ፣ ዕድሜም አለ፣ ሕመሙም አለ። ማሽኑን ለተማሩት ልጆች እንተወው።» ወደ ጠርሙስ ማጠቢያው ክፍል መለሳቸው። ማሽኑን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ወንበሩ ላይ በእጃቸው የሰፏት ትራስ ነበረች። መልሼ ልስጣቸው ብዬ አነሣኋትና፣ ስሰጣቸው ምን እንደምል ሳጣ መልሼ ተቀመጥኩባት።

አራት ወር እኔ ያቆሸሽኩትን ጠርሙስ አጠቡ። አንድ ቀን እጃቸው አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ።

«መምህሩ፣ ፓምፑ አየር ስቧል።»

ስክሪኑን አየሁ፤ ምንም የለም። ከአፍታ በኋላ መስመሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በግድግዳ ተጋርደው፣ የቧንቧ ውኃ እየፈሰሰ፣ ከእኔ ቀድመው ሰምተውታል። ቀና ስል ሄደዋል።

ጡረታ በወጡበት ቀን ጋዋናቸውን አጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «የምትነግረኝ ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም እትዬ። ጤና ይስጥዎ።»

«እሺ» አሉ።

በዓመቱ ሥራውን ለቅቄ ላፍቶ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ገባሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ማስተማር ስለምወድ ነው እላለሁ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። እዚያች ትራስ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዝም በማለቴ ብቻ ነበር የምወቀሰው። እኔ ግን ጨመርኩበት። በየዓመቱ ስለ ፖሊመር ሳስተምር ተማሪዎች ታሪክ ስለሚወዱ አንድ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። «አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች» እላለሁ። «ነበሩ» እንኳ አልልም። «ናሙና መዘፍዘፍ ረሳች። ቸኮለችና በንዝረት ገንዳ ውስጥ ከተተችው። ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ ፋብሪካም ቆመ።» ክፍሉ ይስቃል። እኔም ሰሌዳው ላይ «ትዕግሥት» ብዬ እጽፋለሁ። ዘንድሮ ይህን የነገርኳቸው እትዬ አስካለ ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ቤዛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ በጥሩ ጽሑፍ እየጻፈች ነበር።

ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። ክፍል አለኝ ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ቅዳሜ ግን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሀና ማርያም አካባቢ፣ ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ተተክሏል። ለቤተሰቡ ሁሉንም ልናገር ቆርጬ ነበር። የቤዛ እናት ስሜን ስትሰማ ግን እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«አንተ ነህ መምህሩ? ስላንተ ሁሌ ታወራ ነበር እኮ! ከለማጆቼ ሁሉ ጎበዝ እሱ ነው ትል ነበር። እንኳን መጣህልን።»

አጠገቧ ያሉት እድርተኞች ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ንፍሮ ዘግኜ፣ ጥቂት ተቀምጬ፣ «ያጽናችሁ» ብዬ ተነሣሁ። ቤዛ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።

«ቲቸር፣» አለችኝ፣ «ያስተማርከንን ለአክስቴ ነግሬያት ነበር።»

«መቼ?»

«ያን ዕለት ማታውኑ። አልጋ ላይ ነበረች። የፓስታውን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ የጠርሙሱን ነገርኳት።»

«ምን አሉ?»

«‹ማን ነቀነቀው አለ?› አለችኝ። ‹አንዲት ባለሙያ› አልኳት። ‹ስሟን ጠራ?› አለች። አልጠራም አልኳት። ከዚያ ያንተን ስም ጠየቀችኝ።»

«ነገርሻቸው?»

«አዎ። ‹ደህና ያስረዳል?› አለች። በጣም አልኳት። ከዚያ ደግሞ የሆነ ነገር አለች፤ አልገባኝም።» ቤዛ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «‹ገና አልሟሟም› አለች። ‹ታውቂው ከሆነ መጥቶ እንዲጠይቅሽ ልንገረው?› ብላት፣ ‹ተይው፣ አትነቅንቂው፤ በራሱ ጊዜ ይሟሟል› አለችኝ። ምን ማለቷ ነው፣ ቲቸር?»

አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ በመካከላችን አለፈ። እስኪያልፍ መጠበቄ በጀኝ።

«ሰኞ ክፍል ውስጥ አስረዳለሁ» አልኳት።

እሑድን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ያን ዕለት ታሪኩን በትክክል ተናግሬው ቢሆን ኖሮ፣ ማታውኑ ይሰሙት ነበር። ከእኔ አፍ ወደ እሳቸው ጆሮ የነበረው ርቀት አንድ የተማሪ ደብተር ብቻ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሕይወት ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ጥፋቱ የኔ እንደነበር ዘርዝሬ ደብዳቤ ጽፌ ወደ ድሮው ላቦራቶሪ ሄድኩ። ኃላፊው ቆሞ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ። «አሁን ምን ይጠቅማል? እሳቸው የሉም።» የግል ማኅደራቸው ውስጥ እንዲገባ ብቻ እንደምፈልግ ነገርኩት። ደብዳቤውን ወደ መዝገብ ቤት መራው። ጸሐፊዋ ማኅተም መትታ ቅጂውን ሰጠችኝ። እንደወጣሁ ቀለል ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ስገባ ቤዛ ጥቁር ለብሳ ቦታዋ ላይ ነበረች። ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፍኩም።

«ባለፈው ስለ አንዲት ባለሙያ ነግሬያችሁ ነበር» አልኩ። «ስማቸው ወይዘሮ አስካለ ነው። ናሙናውን መዘፍዘፍ የረሱት እሳቸው አይደሉም። እንዲዘፈዘፍ አዝዘው ነበር፤ ስልክ ደውለውም ጠይቀዋል። የረሳሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ገንዳው ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ። እሳቸው በእኔ ጥፋት ከሥራቸው ሲነሡ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። የተሳቢው፣ የፓስታውና የተልባው ምሳሌም የእሳቸው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን ሳያወጣ፣ «ታዲያ ለምን ዝም አልክ፣ ቲቸር?» አለ።

ሁልጊዜ ለጥያቄ መልስ አለኝ። ሦስት ምክንያት ቆጥሬ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ እችል ነበር። አንዱም እውነት አይሆንም።

«ፈርቼ» አልኩ።

ቤዛ ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ የዚያን ዕለት ትምህርት አገኘችው፤ በሰማያዊ እስክሪቢቶ የተጻፈ፣ የተዋበ ጽሑፍ ነው። «አንዲት ባለሙያ» በሚለው ላይ በማስመሪያ አንድ መስመር አስምራ ሰረዘችው። ከዚያ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ በምትኩ ምን ብለን እንጻፍ?»

ሙሉ ስሜን ከነአባቴ፣ ቃል በቃል አጻፍኳቸው። ቤዛ መጻፍ ከመጀመሯ በፊት እስክሪቢቶዋን ክዳኑን ገጥማ አስቀመጠችና ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች።